ከጅማ ወደ በለጠ ጥዶች በኮርስ ሳይክል፦ መመለሻሽን አስቀድመሽ ወስኚ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ በሥራ ዝውውር ከባሕር ዳር ወደ ጅማ መጥታለች። ኮርስ ሳይክል አላት፤ ፊት 52 እና 39፣ ኋላ ከ11 እስከ 25 ጥርስ፣ ጎማው 25 ሚሊ ሜትር። ባሕር ዳር ሳለች 60 ኪሎ ሜትር ያለ ችግር ትነዳ ነበር። «በበለጠ ደን ውስጥ በጥዶቹ መካከል የሚያልፈውን አስፋልት መንዳት እፈልጋለሁ። በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ይቻላል? በሄድኩበት የማልመለስበት ዙር መንገድስ አለ?» ትላለች።

እህቴ፣ እንኳን በሰላም ወደ ጅማ መጣሽ። ከሁለተኛው ጥያቄሽ ልጀምር፤ የመጀመሪያው መልስ በእሱ ላይ የተንጠለጠለ ነውና። በቀጭን ጎማ የሚነዳ ዙር መንገድ የለም። ከጅማ የሚወጡት አስፋልቶች እንደ ሳይክል ጎማ ሽቦዎች ከመሀል ተነስተው ይበታተናሉ፦ አንዱ በሰርቦ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ፣ አንዱ በየቡ በኩል ወደ አጋሮና በደሌ፣ አንዱ በሰቃና በሸቤ ወደ ቦንጋ፣ አንዱ ደግሞ በዴዶ ወደ ጭዳ። አንዱን ከሌላው የሚያገናኙት ፒስታ መንገዶች ናቸው፤ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ። ሰፊና ጥርሳም ጎማ ያለው ሳይክል ቢኖርሽ ሌላ ነገር እመክርሽ ነበር። ባለሽ ሳይክል ግን የትኛውንም መንገድ ብትመርጪ የምትመለሺው በሄድሽበት ነው።

ይህን የማነሳው ተስፋ ላስቆርጥሽ አይደለም። በጅማ ዙሪያ ሳይክል የሚነዳ ሰው ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለበት ይህንኑ ስለሆነ ነው። እዚህ የጉዞውን ክብደት የሚወስነው የኪሎ ሜትሩ ብዛት ሳይሆን የምትመለሺበት ነጥብ ነው። በደስታ የወረድሽው ቁልቁለት ሁሉ ሲመለሱ ዳገት ሆኖ ይጠብቅሻል፤ ያውም እግርሽ ከደከመ፣ ውኃሽ ካለቀና ፀሐይ ከበረታ በኋላ። ባሕር ዳር ላይ ይህ ስሌት አያስፈልግም ነበር፤ ሜዳ ነው፣ ሲደክምሽ ትመለሻለሽ። እዚህ ሲደክምሽ ከተመለስሽ ዘግይተሻል።

ወደ በለጠ እንሂድ። ከጅማ በቦንጋ መንገድ ስትወጪ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሰቃ ከተማን ታገኛለሽ። እስከዚያ ያለው መንገድ የእርሻ፣ የቡናና የባሕር ዛፍ አገር ነው፤ ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ አይከብድም። እኔ ይህን ክፍል ሰውነት ማሟሟቂያ ብቻ አድርገሽ እንድትይዥው እፈልጋለሁ። ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ በትልቁ ማርሽ እየበረረ ጉልበቱን ይጨርስና ደኑ ሲጀምር ራሱን ያቀረቅራል። እያወራሽ መንዳት እስክትችይ ድረስ ዝግ ብለሽ ሂጂ። ሰቃ ላይ ውኃሽን ሙዪ፤ ከዚያ ወዲያ እንደልብ የሚገኝ ሱቅ የለም።

ከሰቃ በኋላ መንገዱ ጠባዩን ይለውጣል። ዳገቱና ኩርባው ይበዛል፤ እርሻው እየቀነሰ ሄዶ ከጅማ 40 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ርቀት ላይ ደኑ ግራና ቀኝ ይዘጋል። እዚህ ሁለት ዓይነት ደን እንዳለ ብታውቂ ጉዞሽ ይበልጥ ይጣፍጥሻል። አንደኛው የተፈጥሮው ነው፦ ቀረሮ፣ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ጥቁር እንጨት፣ ከሥራቸው ደግሞ በጥላ የሚያድገው የደን ቡና። ሐረጉ ከዛፍ ዛፍ ይንጠላጠላል፤ ጉሬዛም ከላይ ሲዘል ታያለሽ። ሁለተኛው በመንግሥት የተተከለው ነው፤ አንቺ «ጥዶቹ» ያልሻቸው እነዚህ ናቸው። ግንዳቸው በረድፍ የቆመ፣ መሬቱ በደረቀ ቅጠል ቡናማ የሆነ ቦታ ስታዪ ተከላው ውስጥ ነሽ። ሁለቱ ዋነኞቹ ተክሎች የፈረንጅ ጥድና ፓቱላ የሚባለው ፓይን ናቸው፤ ሁለቱም ትውልዳቸው ከወደ ሜክሲኮ ነው። ፓቱላን የምትለዪው ቀጭንና ረጅም መርፌ መሰል ቅጠሉ ብዙውን ጊዜ ሦስት ሦስት ሆኖ እንደ ፀጉር ወደ ታች ስለሚዘናፈል ነው። ፎቶ የሚያምረው እዚህ ነው፤ ለእኔ ግን ጆሮ የሚያርፍበት ከቡናው ደን ጋር የሚጎራበተው ክፍል ነው፤ ወፉ ይበዛል።

ለሳይክል ነጂ ጥዱ ውበት ብቻ ሳይሆን አደጋም አለው፤ በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ። ዛፎቹ ዓመቱን ሙሉ ቅጠላቸውን ስለማያራግፉ ፀሐይ አስፋልቱን ቶሎ አታገኘውም። ሌሊት የዘነበው ወይም ጉሙ ያወረደው እርጥበት ሜዳው ላይ በ2 ሰዓት ደርቆ ሳለ ጥላው ውስጥ እስከ ረፋድ ይቆያል። ስለዚህ ደረቅ መንገድ ላይ በፍጥነት እየወረድሽ ድንገት ኩርባ ላይ እርጥብ ታገኛለሽ። በዚያ ላይ የረገፈው ቅጠል በመንገዱ ጠርዝና በኩርባው ውስጠኛ በኩል ይጠራቀማል፤ ሲረጥብ ደግሞ ያንሸራትታል። ጎማሽ የሚይዘው አስፋልቱን ሳይሆን ቅጠሉን ነው፤ ቅጠሉ ደግሞ ከሥሩ ይንሸራተታል።

መፍትሔው ውስብስብ አይደለም። የመኪና ጎማ ጠርጎ ያጸዳውን መስመር ያዢ፤ የቀኝ ጎማቸው የሚያልፍበት ማለቴ ነው። ጠርዙን ታክከሽ አትሂጂ። ፍጥነትሽን ኩርባው ውስጥ ሳይሆን ከመግባትሽ በፊት ቀንሺ፤ ካጋደልሽ በኋላ ፍሬን አትንኪ፤ በተለይ የፊቱን። ፍሬንሽ የጎማውን ቸርኬ የሚጨብጠው ዓይነት ከሆነ፣ ዝናብ ላይ የመጀመሪያው ጭበጣ ውኃውን ከመጥረግ አያልፍም፤ መያዝ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ አስቀድመሽ ለስለስ አድርገሽ ነካ ነካ አድርጊው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ደግሞ ያለማቋረጥ ጨብጠሽ አትውረጂ፤ ቸርኬው ይግላል፣ የውስጥ ጎማውም ሊፈነዳ ይችላል። ጠንከር አድርገሽ ያዢ፣ ልቀቂ፣ እንደገና ያዢ።

ሌላው ኩርባው ራሱ ነው። ዛፉ እይታ ይጋርዳል። የጭነት መኪና ከኋላሽ ሲመጣ ድምፁን ትሰሚያለሽ፤ ከፊት የሚመጣው ግን ኩርባውን ሰፋ አድርጎ በአንቺ መስመር ሊገባ ይችላል። በኩርባ ላይ ለፎቶ አትቁሚ፤ ቀጥ ያለ ቦታ እስኪገኝ ጠብቂና ሳይክሉን ከአስፋልቱ ሙሉ በሙሉ አውጪው። መኪና ሲጠጋሽ ደንግጠሽ ወደ ጠጠሩ አትውረጂ። የአስፋልቱ ጠርዝ ብዙ ቦታ ላይ ከጠጠሩ ከፍ ስለሚል በቀጭን ጎማ ተመልሶ መውጣት ይጥላል። መስመርሽን ሳትለቂ ቀጥ ብለሽ ሂጂ፤ ሾፌሩ የሚፈልገው ወዴት እንደምትሄጂ ማወቅ ነው።

አሁን ወደ መመለሻው። ደኑን ካለፍሽ በኋላ መንገዱ ከጅማ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትገኘው ሸቤ ይደርሳል፤ ከዚያም የጅማን ዞንና ካፋን ወደሚለየው ወደ ጎጀብ ወንዝ ሸለቆ ይወርዳል። ጎጀብ ሞቃት ቆላ ነው፤ ቁልቁለቱ ረጅምና ልብ የሚሰርቅ ነው። እባክሽን አትውረጂው። በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ያሰበ ሰው ጎጀብ ላይ ሲደርስ ጅማ በጣም ርቃለች፤ መመለሻው ደግሞ በቀትር ሙቀት ዳገት ነው። የመጀመሪያ ጉዞሽ መጨረሻ ደኑ ውስጥ ይሁን፤ ደርሶ መልሱ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሸቤን ለሁለተኛው ወይም ለሦስተኛው ጊዜ አቆዪው።

ይቻላል ወይ ላልሽው፣ ይቻላል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ጅማም 1,780 አካባቢ ናት። ስለዚህ የአየሩ ስስነት ለሳንባሽ አዲስ አይደለም፤ ከቆላ የመጣ ሰው የሚቸገርበት ነገር አንቺን አይነካሽም። አዲስ የሚሆንብሽ ዳገቱ ነው፤ እዚህ ላይ የሚያሳስበኝ ደግሞ ማርሽሽ ነው።

ስሌቱን ልንገርሽ። ፊት በ39፣ ኋላ በ25 ጥርስ ፔዳሉን አንድ ዙር ስታዞሪ ሳይክሉ 3.3 ሜትር ያህል ይሄዳል። በደቂቃ 60 ዙር ብታዞሪ ፍጥነትሽ ወደ 12 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። አንቺና ሳይክሉ አንድ ላይ 70 ኪሎ ብትሆኑ፣ በየ100 ሜትሩ 7 ሜትር በሚወጣ ዳገት ላይ ይህን ፍጥነት ለመያዝ 175 ዋት አካባቢ ያስፈልግሻል። ይህ ለአጭር ጊዜ ቀላል ሊመስልሽ ይችላል፤ ለግማሽ ሰዓት ግን ሜዳ ለለመደ እግር ብዙ ነው። ከዚያ በታች ከወረድሽ ዙርሽ ከ60 ያንስና በጉልበትሽ መገፍተር ትጀምሪያለሽ። ጉልበት የሚጎዳውም እንዲህ ነው። የኋላውን ትልቁን ጥርስ ከ25 ወደ 32 ብትለውጪው፣ በዚያው በ60 ዙር ያው ዳገት ወደ 140 ዋት ይወርድልሻል። ልዩነቱ መድረስና አለመድረስ ነው።

ለውጡን ስታሠሪ አንድ ነገር ለመካኒኩ ንገሪው፦ አሁን ያለሽ የኋላ ማርሽ መቀየሪያ ክንዱ አጭር ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከ28 ጥርስ በላይ አይቀበልም። 32 ከፈለግሽ ክንዱ ረዘም ያለ መቀየሪያና ረዘም ያለ ሰንሰለት አብሮ ይገባል። ዕቃው ጅማ ላይ ካልተገኘ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ያምጣልሽ፤ እስከዚያ 28ቱም ቢሆን ከ25 ይሻላል። የፊቱን 39 ወደ 34 ለማሳነስ ግን አትሞክሪ፤ 39 የሚገጠምበት ክራንክ (ፔዳሉን የሚይዘው ክንድ) የብሎን ቀዳዳው ስፋት ብዙውን ጊዜ ከ38 በታች አያስገባም፤ ክራንኩን ሙሉ በሙሉ መቀየር ይሆናል።

ጎማሽን ከመጠን በላይ አታጠንክሪው። በ25 ሚሊ ሜትር ላይ ክብደትሽ 60 ኪሎ አካባቢ ከሆነ 75 እስከ 80 ፒ.ኤስ.አይ (የጎማ አየር ግፊት መለኪያ) በቂ ነው። ሻካራና የተጣፈ አስፋልት ላይ በ110 የተነፋ ጎማ ይነጥራል እንጂ አይፈጥንም፤ እርጥብ ላይም አይይዝም። ሹካው የሚያስገባ ከሆነ 28 ሚሊ ሜትር ብትገዢ ደስ ይለኛል። የኮርስ ሳይክል ጎማ መንፊያ አፉ ቀጭን ነው፤ የመንገድ ዳር ጎሚስታ የሚጠቀምበት ኮምፕረሰር የመኪናውን ወፍራም አፍ ብቻ ይይዛል። በናስ የተሠራች ትንሽ ማገናኛ አለች፤ ዋጋዋ ትንሽ ነው፤ እሷን ከኮርቻው ሥር ባለው ቦርሳ ውስጥ ካልያዝሽ ጎሚስታ አጠገብ ቆመሽም ባዶ ጎማ ይዘሽ ትቀሪያለሽ። የእጅ ፓምፕ፣ ሁለት የውስጥ ጎማ፣ ጎማ ማውጫ ማንኪያና አለን ቁልፍ ያዢ። ጎማ መቀየርን ደግሞ ቤትሽ በረንዳ ላይ ተለማመጂው እንጂ የመጀመሪያ ልምምድሽ ደን ውስጥ አይሁን።

ቀኑን በተመለከተ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይሻላል። ጅማ ዝናቧ ብዙ ነው፤ በልጉ ከመጋቢት ጀምሮ ይገባና ክረምቱ እስከ መስከረም፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይዘልቃል። በዝናቡ ወራት ቢሆንም ጠዋቱ ብዙ ጊዜ ይከፈታል፤ የሚወርደው ከሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ በማንኛውም ወር ሕጉ አንድ ነው፦ በ6 ሰዓት ቤትሽ ሁኚ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ብርሃኑ ሲገልጥ ተነሺ። ጨለማ ላይ አትውጪ፤ ጅብም አለ፣ መብራት የሌለው ጋሪና ከብትም አለ። 80 ኪሎ ሜትሩን በአማካይ በሰዓት 18 ብትነጂ አራት ሰዓት ተኩል ይወስዳል፤ አንድ ሰዓት ለዕረፍት ብትጨምሪበት በ6 ሰዓት ትገቢያለሽ። በ3 ሰዓት ተኩል የትም ብትሆኚ አዙሪ። ደኑ 2 ኪሎ ሜትር ቢቀርሽም አዙሪ፤ ደኑ ሳምንትም እዚያው ነው።

እሑድ ጠዋት የጭነት መኪና ይቀንሳል። ሐሙስን ግን ተዪው፤ የጅማ ትልቁ ገበያ የሂርማታ የሐሙስ ገበያ ነውና ወደ ከተማ የሚገቡት መንገዶች ሁሉ በሰው፣ በአህያና በጭነት ይሞላሉ። የቡና ለቀማ ወራትም እንዲሁ ትራፊኩን ያበዙታል፤ በተለይ የአጋሮውን መንገድ።

ምግብ ላይ ቸላ አትበይ። ከሁለተኛው ሰዓት ጀምሮ በየሰዓቱ ከ40 እስከ 60 ግራም የሚሆን ኃይል ሰጪ ምግብ ያስፈልግሻል፤ ሁለት ሙዝ ማለት ነው። በሶ በማር ለውሰሽ በትንንሹ ጠቅልለሽ የማልያሽ የጀርባ ኪስ ውስጥ ብትከቺ ከማንኛውም የታሸገ ነገር የተሻለ ነው። ሳይርብሽ ብዪ። ውኃ 750 ሚሊ ሊትር የሚይዙ ሁለት ኮዳዎች ይኑሩሽ፤ በአንዱ ውስጥ ትንሽ ጨውና ስኳር ጨምሪበት።

ወደዚህ ከመሄድሽ በፊት እግርሽን የምታዘጋጂባቸው መንገዶች ቅርብ ናቸው። ሰቃ ደርሰሽ መመለስ 40 ኪሎ ሜትር ነው፤ መንገዱንም ያስለምድሻል። ለዳገት ጅሬን አለልሽ፤ ከተማው አናት ላይ ወዳለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወጣው አቀበት አጭርና ቀጥ ያለ ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ውጪው። የዴዶው መንገድ ደግሞ ወደ ደጋ የሚያወጣ ረጅም ዳገት ነው። እሱን ከሳይክልሽ ሳትወርጂ ከጨረስሽ በለጠ አያስፈራሽም። በቦዬ አድርጎ ወደ ሰርቦ የሚወስደው ሜዳ ይበዛዋል፤ ነገር ግን የአዲስ አበባ መንገድ ስለሆነ ከባድ መኪና አለው፤ እኔ ለልምምድ አልመርጠውም።

ዙር መንገድ ባይኖርም «በሄድኩበት አልመለስ» ያልሽውን ምኞት የሚያሟላ አንድ መላ አለ። ሳይክሉን በጠዋት ከመናኸሪያ ወደ ሸቤ ወይም ወደ ቦንጋ በሚሄድ መኪና ጣሪያ ላይ ጭነሽ ሸቤ ውረጂ፤ ከዚያ ደኑን አቋርጠሽ ወደ ጅማ ንጂ። 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከባዱን ክፍል ትኩስ እግር ሳለሽ ትጨርሺዋለሽ፤ መጨረሻው ቤትሽ ነው። ደርሶ መልሱን ከመሞከርሽ በፊት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ የምመርጥልሽ ይህንን ነው። ስታስጭኚ ሁለቱንም ጎማ አውጥተሽ፣ ሰንሰለትና ማርሽ ያለበትን ጎን ወደ ላይ አድርገሽ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለሽ ራስሽ እሰሪው፤ ረዳቱ በችኮላ ካሰረው መቀየሪያው ይጣመማል። እዚያው መናኸሪያ ሾፌሮቹን ስለመንገዱ ጠይቂ፦ የተቆፈረ ቦታ፣ የወረደ ናዳ፣ ጸጥታው እንዴት እንደሆነ። ከእነሱ የተሻለ ትኩስ ወሬ ያለው የለም። «ዛሬ ይቅርብሽ» ካሉሽ ይቅር።

ደኑ ባለቤት አለው። እ.ኤ.አ ከ2003 ጀምሮ በጃፓን መንግሥት የልማት ትብብር ድጋፍ በበለጠና ጌራ የተጀመረው ሥራ የአካባቢው ገበሬ በማኅበር ተደራጅቶ ደኑን እንዲጠብቅ፣ ቡናውንም እንዲጠቀምበት አድርጓል። ስለዚህ ከአስፋልቱ ወጥተሽ ወደ ውስጥ ስትገቢ የሰው ቡና ውስጥ እየገባሽ ሊሆን ይችላል። ያገኘሽውን ሰው «አካም ቡልታን» ብለሽ ሰላም በይ፣ አስፈቅጂ። በጥዱ ሥር እሳት አታንድጂ፤ ቡና ለማፍላትም ቢሆን። ያ ደረቅ ቅጠል በጋ ላይ በአንድ ክብሪት ይያያዛል። ዝንጀሮ መንገድ ዳር ካየሽ ምግብ አታሳዪው፤ ሳትቆሚ እለፊ።

የመጨረሻው፣ ብቻሽን አትሂጂ። ይህን ለሴት ብቻ አይደለም የምለው፤ ለወንዶቹም እንዲሁ እላለሁ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ጠዋት ጠዋት ሳይክል የሚነዱ ወጣቶች አታጪም፤ ቀረብ ብለሽ ጠይቂ፣ አንድ ሁለት ጊዜ ሰቃ ድረስ አብረሻቸው ሂጂና እንዴት እንደሚነዱ እዪ። በኩርባ ላይ ጎን ለጎን የሚነዳ፣ ሄልሜት የማያደርግ ሰው ከሆነ ሌላ ፈልጊ። ቤት ለሚቀር ሰውም መንገድሽንና የመመለሻ ሰዓትሽን ንገሪ፤ እስከ 8 ሰዓት ካልደወልሽ በሰቃና በሸቤ መካከል እንዲያፈላልግሽ ተስማሙ። ማርሹን አስቀይረሽ ጅሬንን መውጣት ስትጀምሪ እንዴት እንደሆነልሽ ጻፊልኝ፤ የኋላ መቀየሪያሽን ፎቶ አንስተሽ ብትልኪልኝ ደግሞ 32 መቀበል አለመቀበሉን አይቼ እነግርሻለሁ።